«ማጣሪያ» ምን ያጠራል? ስለ ብርሃን ማጣሪያዎችና ስለ መካከለኛ ልክ ካሜራዎች መጠሪያ የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በፎቶግራፍ ሙያ የሚሠራባቸውን ሁለት የቃላት ዘርፎች ነው። የመጀመሪያው በካሜራ ሌንስ ፊት የሚገጠሙትን፣ በተለምዶ «ፊልተር» የሚባሉትን ባለ ቀለምና ባለ ልዩ ባሕርይ መስተዋቶች ይመለከታል። ሁለተኛው «ሚዲየም ፎርማት» እየተባሉ የሚጠሩትን ካሜራዎች ይመለከታል። ሁለቱን አንድ ላይ ያቀረብንበት ምክንያት በሙያው ውስጥ የማይነጣጠሉ በመሆናቸው ነው፤ ካሜራውን የመረጠ ሰው ማጣሪያውንም ለዚያው ካሜራ በሚስማማ መንገድ መምረጥ ግድ ይሆንበታልና።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን የራሳችን ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የፎቶግራፍ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ረቂቁ ለቃላት እርማት ቀርቦልን ነበር። በረቂቁ ውስጥ «ፊልተር» የሚለው ሁሉ «ማጣሪያ»፣ የየዓይነቱም ስም «የቀይ ማጣሪያ»፣ «የቢጫ ማጣሪያ»፣ «የአረንጓዴ ማጣሪያ» እየተባለ ተተርጉሞ አገኘነው። ቃሉ አማርኛ ነው፣ ለተናጋሪውም እንግዳ አይደለም ብለን አሳለፍነው። ከጊዜ በኋላ አንድ በአርባ ምንጭ የሚኖር የመመሪያው ተጠቃሚ የደረሰበትን ጻፈልን። ይህ ሰው ከከተማው ላይኛው ክፍል፣ ከሼቻ፣ ቁልቁል እየተመለከተ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች በመካከላቸው ካለው ከእግዜር ድልድይ ጋር በጥቁርና ነጭ ፊልም ሊያነሣ ፈልጎ ነበር። የአባያ ውኃ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። ሰውየው አባያ በፎቶግራፉ ላይ ጠቆር ብሎ እንዲወጣለት ስለ ፈለገ፣ «የቀይ ማጣሪያ» ማለት ቀዩን አጣርቶ የሚያስቀር መስተዋት ነው ብሎ ቀዩን መስተዋት ገጠመ። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ አባያ ነጥቶ፣ ጫሞና ሰማዩ ጠቁረው ተገኙ። አንድ ሙሉ ጥቅል፣ ይኸውም አሥራ ሁለት ፎቶግራፍ፣ ካሰበው ተገላብጦ ወጣ። ሰውየው መመሪያውን በሚገባ አንብቧል። ያሳሳተው ቃሉ ነው፤ ቃሉን ያጸደቅነውም እኛ ነን።

ስለዚህ ከዚህ በታች ቃሉ የት ላይ እንዳሳሳተ እንመረምራለን፤ ከዚያም በኋላ ለተርጓሚዎች የሚረዱ መጠሪያዎችን እናቀርባለን። ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን ወስደናል።

1. አላፊውና ቀሪው

አማርኛ አንድን ነገር ከሌላው ለመለየት የሚያገለግሉ ብዙ ግሦች አሉት። ዱቄት በወንፊት ይነፋል፤ ጠላና ጠጅ ይጠልላል፤ ውኃ ይጣራል። በእነዚህ ድርጊቶች ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው አላፊ፣ ሁለተኛው ቀሪ ነው። ዱቄቱ ያልፋል፣ ገለባው ይቀራል። ጠጁ ያልፋል፣ አምቡላው ይቀራል። መሣሪያው በማን ስም እንደሚጠራ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። «የውኃ ማጣሪያ» እና «የጠጅ ማጥለያ» ስንል «የ» የተጨመረበት ስም የሚያመለክተው አላፊውን ነው። «የቆሻሻ ማጣሪያ» ሲባል ግን ሰሚው የሚረዳው ቆሻሻው እንደሚቀር ነው። እንግዲህ «የእገሌ ማጣሪያ» የሚለው የአገናዛቢ ሐረግ በራሱ ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው የሌላው ተቃራኒ ነው። የቱ እንደ ተፈለገ የሚታወቀው ስለ ነገሩ አስቀድመን ባለን ዕውቀት ብቻ ነው። ውኃ እንደሚጠጣ፣ ቆሻሻ እንደሚጣል እናውቃለን፤ ስለዚህ አንሳሳትም። ቀይ ብርሃን ግን የሚጠጣ ይሁን የሚጣል ለጀማሪው አይታወቀውም።

ከዚህ ሌላ ችግርም አለ። «ማጣሪያ» ከ«ጠራ» ጋር አንድ ሥር ያለው ስለሆነ በውስጡ ፍርድ ይዟል፤ ያለፈው ንጹሕ፣ የቀረው እድፍ ነው ይላል። በብርሃን ዘንድ እድፍ የሚባል ቀለም የለም። ዛሬ የተከለከለው ሰማያዊ ነገ በሌላ መስተዋት የሚመረጠው ሊሆን ይችላል። በአርባ ምንጭ ይህ ፍች ይበልጥ ይበረታል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከምንጮች ነው፤ ዛሬ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሆነውም ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ «ማጣሪያ» የሚለው ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የውኃ ሙያ ቃል ሆኖ ይሰማል።

ታዲያ ቃሉን እንተወው ወይ? አማራጮቹን አይተናል። «ማጥለያ» ከፈሳሽ፣ «ወንፊት» ከደረቅ እህል ጋር እጅግ የተቈራኙ ናቸው። ከጣልያንኛ የመጣው «ፊልትሮ» በጋራዥ የሞተር ዘይትና የነዳጅ ማጣሪያ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። «ፊልተር» ፎቶግራፍ አንሺዎች በአፋቸው የሚጠቀሙበት ስለሆነ በንግግር ሊነቀፍ አይገባም። ዳሩ ግን «ፊልተር» ብንልም ጥያቄው አይፈታም፤ «የቀይ ፊልተር» የሚለው ሐረግ እንደ «የቀይ ማጣሪያ» ሁሉ ሁለት ፍች አለውና። ከዚህ የምንረዳው ችግሩ በዋናው ስም ላይ ሳይሆን በአገናዛቢው «የ» ላይ መሆኑን ነው። ስለሆነም «ማጣሪያ»ን በጠቅላላ መጠሪያነት እንይዛለን፤ የየዓይነቱን ስም አሰጣጥ ግን በሥርዓት እንወስናለን።

2. የቀለም ማጣሪያዎች

ባለ ቀለም ማጣሪያ የራሱን ቀለም ብርሃን ያሳልፋል፤ የተቃራኒውን ቀለም ይውጣል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ብዙ ብርሃን የደረሰበት ነገር በመጨረሻው ሥዕል ነጣ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው፤ ማጣሪያው በገዛ ቀለሙ ያለውን ነገር ያነጣል፣ ተቃራኒውን ያጠቁራል።

ይህን በጋሞ መልክዓ ምድር ላይ ብንፈትነው እንደሚከተለው እናገኘዋለን። የአባያ መቅላት የሚመጣው በውኃው ውስጥ ሳይዘቅጥ ከሚቈይ ደቃቅ አፈር ነው። ቀይ ማጣሪያ ይህን ቀይ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሐይቁ ይነጣል። ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ በዚያው ማጣሪያ ይጠቁራል። አባያን ለማጥቆር የፈለገው ወዳጃችን መግጠም የነበረበት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ነበር። ከከተማው በታች ምንጮቹ የሚፈልቁበት ደን በቀይ ማጣሪያ ጥቁር ግድግዳ ይመስላል፤ በአረንጓዴ ማጣሪያ ግን ቅጠሉ ከቅጠል ይለያል። በ1974 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ሜዳው ስሙ እንደሚያመለክተው በደረቅ ወራት ነጣ ያለ ሣር የለበሰ ነው፤ ቢጫ ወይም ብርቱካን ማጣሪያ ሰማዩን አጥቁሮ ሣሩን ጐልቶ እንዲታይ ያደርጋል።

የዶርዜና የሌሎችም የጋሞ ሸማኔዎች የሚሠሩት ዱንጉዛ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው ነው። በቀይ ማጣሪያ ቢነሣ ቀዩም ቢጫውም ነጥተው አንድ ይሆናሉ። በጠንካራ ሰማያዊ ማጣሪያ ቢነሣ ሁለቱም ጠቁረው ከጥቁሩ ጋር ይቀላቀላሉ። በጠንካራ አረንጓዴ ማጣሪያ ቢጫው ሲቀር ቀዩ ወደ ጥቁሩ ይጠጋል። ሦስቱ ጥለቶች ተለይተው የሚታዩት ያለ ማጣሪያ፣ ወይም ቢበዛ ፈዛዛ ቢጫ አረንጓዴ በሆነ ማጣሪያ ነው። እንግዲህ አለመግጠምም ምርጫ መሆኑን መመሪያ ተርጓሚው ሊያሳውቅ ይገባል። «ማጣሪያ» የሚለው ቃል «ሳይጣራ የቀረ» የሚል ጉድለት ስለሚያስታውስ አንባቢው ያለ ማጣሪያ ማንሣትን እንደ ስንፍና እንዳይቈጥረው ያሠጋል።

ስለ ሰው ፊትም አንድ ቃል እንጨምር። አማርኛ ስለ ሰው መልክ «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» ሲል በፎቶግራፍ ሙያ የሚነገረውን የብርሃን ቀለም ማለቱ አይደለም። የሰው ቆዳ፣ ጠይሙም ጥቁሩም፣ ከሰማያዊ ብርሃን ይልቅ ቀይ ብርሃንን አብልጦ ይመልሳል። ስለሆነም ቀይ ማጣሪያ የማንንም ፊት ያነጣል፤ አረንጓዴው ያጠይማል። «ቀይ ሰው በቀይ ማጣሪያ አይነሣ» የሚል ዐይነት ምክር በትርጉም ውስጥ ቢገባ ከቋንቋው እንጂ ከሙያው የመጣ አለመሆኑ መታወቅ አለበት።

ከላይ በተነገረው መሠረት የመጀመሪያው ደንባችን የሚከተለው ነው። የማጣሪያው የራሱ ቀለም ሲነገር «የ» ሳይጨመር ቅጽሉ በቀጥታ ይቀድማል፤ ቀይ ማጣሪያ፣ ቢጫ ማጣሪያ፣ አረንጓዴ ማጣሪያ። «ቀይ በር»፣ «ቀይ ጃኖ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ቅጽሉ የሚናገረው መስተዋቱ በዐይን ሲታይ ያለውን መልክ ስለሆነ ሁለተኛ ፍች የለውም።

«ሰማያዊ» ላይ ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቃሉ ከ«ሰማይ» የወጣ በመሆኑ «ሰማያዊ ማጣሪያ» የሚለውን «ለሰማይ የሚሆን ማጣሪያ» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። «ስካይላይት» የሚባለውን ማጣሪያ ቃል በቃል «የሰማይ ብርሃን ማጣሪያ» ብለን ብንተረጕመው ደግሞ ግራ መጋባቱ ይብሳል፤ ስካይላይት በመልኩ ፈዛዛ ሮዝ ነው፣ ሥራውም በቀለም ፊልም ላይ ከጥላና ከሰማይ የሚመጣውን ሰማያዊነት መቀነስ ነው። እንግዲህ አንዱ ሰማያዊውን ያሳልፋል፣ ሌላው ይቀንሳል። ለሁለተኛው «ስካይላይት» የሚለው መጠሪያ እንዳለ እንዲቀመጥ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታም «ፈዛዛ ሮዝ ማጣሪያ» ተብሎ እንዲብራራ እንመክራለን።

የቀለሙ ስም ብቻውን መጠኑን ስለማይነግር ሙያው ቁጥርን ይጠቀማል። ቁጥሮቹ «ራተን» በሚል ስም የሚታወቁ ናቸው፤ ስሙን የሰጠው የእንግሊዛዊው የፍሬደሪክ ራተን ድርጅት በ1912 እ.ኤ.አ. ወደ ኮዳክ ተላልፏል። 8 ቢጫ፣ 15 ጠንካራ ቢጫ፣ 11 ቢጫ አረንጓዴ፣ 25 ቀይ፣ 47 ሰማያዊ፣ 58 አረንጓዴ ነው። ቁጥሮቹ መለያዎች እንጂ መጠኖች አይደሉም፤ 58 ከ25 የሚበልጥበት ነገር የለም። ተርጓሚው ቁጥሩን ሳይለውጥ ከቀለሙ ስም ጋር ቢጽፍ በቂ ነው።

3. እጥፍና እርከን

ማጣሪያ ብርሃን ስለሚቀንስ ፎቶግራፍ አንሺው ያን ያህሉን መጨመር ይኖርበታል። መመሪያዎች ይህን በሁለት መንገድ ይገልጹታል። አንደኛው ስንት ጊዜ እጥፍ ብርሃን እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ሁለተኛው «ስቶፕ» በሚባለው መለኪያ ይናገራል፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን አንድ ጊዜ ማጠፍ ነው። 25 ቁጥር ቀይ ማጣሪያ 8 እጥፍ ይፈልጋል። 2 ሲታጠፍ 4፣ 4 ሲታጠፍ 8 ስለሚሆን ይህ 3 ስቶፕ ነው። ቢጫው 8 ቁጥር 2 እጥፍ፣ ማለትም 1 ስቶፕ ይፈልጋል።

በትርጉም ሥራዎች ውስጥ «ስቶፕ» አንዳንድ ጊዜ «ማቆሚያ» እየተባለ ይጻፋል፤ ይህ ምንም ፍች አይሰጥም። ከዚህ የከፋው ግን ሁለቱን መለኪያዎች «ደረጃ» በሚል አንድ ቃል መጻፍ ነው። «8 ደረጃ ጨምር» የተባለ አንባቢ ብርሃኑን 256 ጊዜ ያበዛዋል፤ ከሚፈለገው 32 ጊዜ በላይ ማለት ነው፤ ፊልሙም ይቃጠላል። ስለዚህ የመጀመሪያው «እጥፍ»፣ ሁለተኛው «እርከን» እንዲባሉ እናቀርባለን። በጋሞ ደጋማ ቦታዎች ገበሬው ተዳፋቱን በእርከን እንደሚከፋፍል ሁሉ የብርሃኑም መጠን በእርከን ይወጣል፣ በእርከን ይወርዳል። ለምሳሌ በ100 ኢሶ ፊልም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በ1/125 ሴኮንድና በ16 ቀዳዳ የሚነሣ እይታ ቀይ ማጣሪያ ሲገጠምበት ቀዳዳው ወደ 11፣ ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 5.6 በሦስት እርከን ይከፈታል።

4. ቀለም የሌላቸው ማጣሪያዎች

«አልትራቫዮሌት ፊልተር» ስያሜው ከ«ቀይ ፊልተር» ጋር ይመሳሰል እንጂ ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። ቀዩ ማጣሪያ ቀዩን ያሳልፋል፤ ይኸኛው አልትራቫዮሌቱን ያስቀራል። በባዕዱ ቋንቋ ውስጥ ያለውን ይህን መዛነፍ ወደ አማርኛ ይዘነው የምንመጣበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ደንባችን እንግዲህ ይህ ነው፤ ማጣሪያው በሚያስቀረው ነገር ሲጠራ «ከልካይ» የሚለው ቃል ይጨመርበታል። «አልትራቫዮሌት ከልካይ» ሲባል አንባቢው አይሳሳትም።

የዚህ ማጣሪያ ጥቅም ከፍታ ላይ ይታያል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር በፊልም ላይ ሩቁን ተራራ ጉም የለበሰ ያስመስለዋል። የዘመኑ ዲጂታል ካሜራዎች ጨረሩን በአብዛኛው በውስጣቸው ስለሚያስቀሩት ዛሬ ይህ መስተዋት የሚገጠመው ይበልጡን ሌንሱን ከአቧራና ከጭረት ለመጠበቅ ነው። ለዚህ አገልግሎት «የሌንስ መከለያ» ቢባል ይስማማል።

«ፖላራይዘር» ከ«ዋልታ» ጋር ተያይዞ «ዋልታዊ ማጣሪያ» ተብሎ ሲተረጐም አይተናል። ማጣሪያው ግን ከሰሜንና ከደቡብ ዋልታ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የብርሃን ሞገዶች በብዙ አቅጣጫ ሲርገበገቡ እርሱ አንዱን አቅጣጫ መርጦ ያሳልፋል። ስለዚህ «አቅጣጫ መራጭ ማጣሪያ» ብለነዋል። ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ያለውን ሰማይ ያጠቁራል፤ ከውኃ ገጽ በ37 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብለው ሲመለከቱ ደግሞ ነጸብራቁን በእጅጉ ይቀንሳል። በጫሞ ዳር «የአዞ ገበያ» በተባለው ቦታ አዞ ለሚያነሣ ሰው ይህ ብዙ ይረዳል። ሰውየው ወደ አባያ ሄዶ በዚሁ መስተዋት የውኃውን ውስጥ ለማየት ቢሞክር ግን አይሳካለትም። ማጣሪያው ነጸብራቁን ያነሣል እንጂ ድፍርሱን አያጠራም። «ማጣሪያ» የሚለው ቃል የውኃ ፍቹን ይዞ የሚያሳስተው በዚህ ቦታ ስለሆነ፣ «አቅጣጫ መራጭ» የሚለው ቅጽል ሳይጻፍ እንዳይቀር አደራ እንላለን።

የዚሁ ማጣሪያ ሁለት ዓይነቶች «ሊኒየር» እና «ሰርኩላር» ይባላሉ። ሁለተኛውን «ክብ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው፤ ሁለቱም መስተዋቶች በቅርጻቸው ክብ ናቸውና። ልዩነቱ ብርሃኑ መስተዋቱን ካለፈ በኋላ ባለው ርግብግቢት ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ቀጥ ብሎ፣ በሁለተኛው እየዞረ ይሄዳል። ስለሆነም «ቀጥ» እና «ዟሪ» በሚሉት ቃላት ለይተናቸዋል። ብርሃንን በከፊል አሳላፊ መስተዋት አማካይነት የሚለኩ ካሜራዎች ዟሪውን ይፈልጋሉ።

«ኒውትራል ዴንሲቲ» የሚባለው ሁሉንም ቀለም እኩል ይቀንሳል። «ገለልተኛ ጥግግት» ከማለት ይልቅ «ግራጫ ማጣሪያ» ማለት ለዐይንም ለጆሮም ቅርብ ነው። የምንጭ ውኃ ሲፈስ እንደ ሐር ለስልሶ እንዲታይ መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት ሲያስፈልግ ይገጠማል። አምራቾች አንዱን መስተዋት በሦስት ቁጥር ይጠሩታል፤ 8 እጥፍ፣ 0.9 ጥቁረት፣ 3 እርከን አንድ ነገር ነው። ተርጓሚው ቁጥሩ የትኛው መለኪያ መሆኑን ሳይገልጽ ማለፍ የለበትም።

ዛሬ የቀለም ማጣሪያዎች ሥራ ከዲጂታል ፎቶግራፍ ላይ በኮምፒውተር ሊሠራ ይችላል። አቅጣጫ መራጩና ግራጫው ግን ሙሉ በሙሉ በስሌት አይተኩም፤ ወደ ካሜራው ያልገባው ነገር በኋላ አይገኝምና።

5. «መካከለኛ ልክ»

«ፎርማት» በፎቶግራፍ ሙያ ብርሃን የሚያርፍበትን የፊልም ወይም የዲጂታል ገጽ መጠን ያመለክታል። «ቅርጽ» ተብሎ ሲተረጐም አንባቢው አራት ማዕዘን ወይም ክብ ማለቱ ነው ብሎ ያስባል። «ፎርማት» ብለን እንዳለ ብንተወው ደግሞ በዲጂታል ካሜራ ላይ «ፎርማት ማድረግ» ማለት በማስታወሻ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ስለሆነ፣ «ፎርማቱን ምረጥ» የተባለ ጀማሪ የሳምንት ሥራውን ሊያጠፋ ይችላል። እኛ «ልክ» የሚለውን መርጠናል። ልብስ ሰፊም ጫማ ሰሪም የሚጠቀሙበት የመጠን ቃል ነው። «ልክ» ትክክል ማለትም ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «ትንሽ ልክ»፣ «መካከለኛ ልክ»፣ «ትልቅ ልክ» ተብሎ በቅጽል ሲነገር ከመጠን በቀር ሌላ አይሰማም። የፎቶ ቤቶች ቋንቋም ለመጠን ስም መስጠትን ያውቅበታል፤ «ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚለውን ከየመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ላይ የማያውቅ የለም።

መካከለኛ ልክ ስንል ከ24 በ36 ሚሊሜትር የሚበልጥ፣ 10 በ12.5 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነው ከትልቅ ልክ የሚያንስ ማለታችን ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ዋነኛ ፊልም በ1901 እ.ኤ.አ. በኮዳክ የወጣው 120 ነው። በዚህ ቁጥር ብዙ ተርጓሚዎች ይሳሳታሉ። «35 ሚሊሜትር ፊልም» የፊልሙን ስፋት ስለሚናገር «120»ንም «120 ሚሊሜትር» ይሉታል። 120 ግን የአምራቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ የፊልሙ ስፋት 61 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንደዚሁም «645» ስድስት መቶ አርባ አምስት ተብሎ አይነበብም፤ 6 በ4.5 ሴንቲሜትር ማለት ነው።

ከአንድ 120 ጥቅል በ6 በ4.5 ልክ 15 ወይም 16፣ በ6 በ6 ልክ 12፣ በ6 በ7 ልክ 10፣ በ6 በ9 ልክ 8 ፎቶግራፍ ይወጣል። የ6 በ6 ገጽ በእውነተኛ መጠኑ 56 በ56 ሚሊሜትር ሲሆን ይህ ከ24 በ36 ገጽ 3.6 ጊዜ ይበልጣል። የሸማ ጥለት ክርን በክር ለማሳየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በዲጂታሉ ዓለም ግን ስሙ እንጂ መጠኑ አልጸናም፤ ብዙዎቹ መካከለኛ ልክ የሚባሉት ዲጂታል ካሜራዎች 43.8 በ32.9 ሚሊሜትር ገጽ አላቸው፤ ይህም ከ24 በ36 በ1.67 ጊዜ ቢበልጥም ከ6 በ4.5 ፊልም ያንሳል። ስለዚህ በትርጉም ውስጥ ከስሙ አጠገብ ቁጥሩን መጻፍ ይገባል።

የትኛው ልክ ይመረጥ? የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ በእንሰት ኮባና በቀርከሃ ቅርፊት የሚከደን፣ ወደ ላይ የሚረዝም ነው፤ የቆመ አራት ማዕዘን ይስማማዋል። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ማሚያ አር ቢ 67 ጀርባው ስለሚዞር ካሜራው ሳይጋደም ገጹን ማቆም ይቻላል፤ ክብደቱ ግን ከሌንሱ ጋር ከ2 ኪሎ ግራም በላይ በመሆኑ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሸክም ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃሰልብላድ 500 ሲ እና መንታ ሌንስ ያለው ሮለይፍሌክስ በ6 በ6 ልክ ያነሣሉ፤ ካሬውን በኋላ ወደ ቋሚም ወደ አግዳሚም መጐረድ ይቻላል። ሁለቱም ከላይ ወደ ታች የሚታይ የወገብ መመልከቻ አላቸው። አንሺው በሸማኔው ላይ ዐይኑን ከመትከል ይልቅ አንገቱን ደፍቶ ስለሚመለከት ተነሺው ብዙም አይሳቀቅም። በመመልከቻው ውስጥ ግን ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል፤ መመሪያ ተርጓሚው «ወደ ግራ አዙር» ሲል የማንን ግራ መሆኑን ይግለጽ።

6. ካዝና፣ ጥርስና ሳንጃ

የሃሰልብላድ ፊልም ያዥ ተነቃይ ነው፤ ጥቅሉ ሳያልቅ በሌላ ሊለወጥ ይችላል። በባዕዱ ቋንቋ «ማጋዚን» ስለሚባል «የፊልም መጽሔት» ተብሎ የተተረጐመበት ጊዜ አለ። የጠመንጃውን «ካዝና» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ በመሆኑ «የፊልም ካዝና» ብንል ይበቃል።

ማጣሪያ ከሌንስ ጋር በሁለት መንገድ ይያያዛል። አንደኛው እየተጠመዘዘ በጥርስ ይገባል፤ መጠኑም በሚሊሜትር ይነገራል፤ 49፣ 52፣ 67፣ 77 ወዘተ። ሁለተኛው «ባዮኔት» የሚባለው ነው። ቃሉ «ሳንጃ» ተብሎ እንደማይተረጐም ግልጽ ነው፤ «ቁልፍ ገጠም» ቢባል አሠራሩን ይነግራል። ቀደምት የሃሰልብላድ ሌንሶች በአብዛኛው 50 ቁጥር፣ ኋለኞቹ 60 ቁጥር ቁልፍ ገጠም ይፈልጋሉ፤ ሮለይፍሌክስም የራሱ ቁጥሮች አሉት። በመግቢያችን ካሜራና ማጣሪያ አይነጣጠሉም ያልነው ለዚህ ነው፤ መስተዋቱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን አያያዙ ካልገጠመ አያገለግልም።

7. የቀረቡ መጠሪያዎች

ማጣሪያ፣ የብርሃን፦ በሌንስ ፊት ተገጥሞ ከብርሃኑ ከፊሉን የሚያሳልፍ፣ ከፊሉን የሚያስቀር መስተዋት። በንግግር፦ ፊልተር።

ቀይ (ቢጫ፣ አረንጓዴ...) ማጣሪያ፦ በስሙ የተጠራውን ቀለም የሚያሳልፍ። «የቀይ ማጣሪያ» አይባልም።

ከልካይ፦ በስሙ የተጠራውን ነገር የሚያስቀር ማጣሪያ፤ ለምሳሌ አልትራቫዮሌት ከልካይ።

አቅጣጫ መራጭ ማጣሪያ፦ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ፤ ቀጥ ወይም ዟሪ።

ግራጫ ማጣሪያ፦ ሁሉንም ቀለም እኩል የሚቀንስ።

እጥፍ፦ ማጣሪያ ሲገጠም ብርሃኑ የሚባዛበት ቁጥር።

እርከን፦ ብርሃንን አንድ ጊዜ ማጠፍ ወይም ማጋመስ።

ልክ፦ ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ መጠን፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ።

የፊልም ካዝና፦ ተነቃይ የፊልም መያዣ።

ቁልፍ ገጠም፦ ሳይጠመዘዝ ጥቂት ዞሮ የሚቈለፍ ማያያዣ።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት መጠሪያዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። ሕዝቡ «ፎቶ ማንሣት»፣ «ፊልም ማጠብ»፣ «ጉርድ» የሚሉትን ቃላት ሲፈጥር ማንንም አልጠየቀም፤ የሠራቸውም ቃላት ከብዙዎቹ የእኛ ቃላት ይልቅ ጸንተዋል። ስለሆነም መጠሪያዎቹን ከማጽደቅ በፊት ካሜራ በእጃቸው የያዙ ሰዎች እንዲፈትኗቸው እንሻለን። በተለይም በጋሞ ዞን ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎችና ሸማኔዎች ስለ ቀለምና ስለ ጥለት በአማርኛም በጋሞኛም የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ቢልኩልን በቀጣይ እትም ለማቅረብ ዝግጁ ነን። ቀድሞ ያጸደቅነው «የቀይ ማጣሪያ» የሚለው ሐረግ በዚህ ጽሑፍ ተሽሯል፤ መመሪያው በእጃቸው የሚገኝ አንባብያን «የ»ን እየሰረዙ እንዲያነቡት በትሕትና እናሳስባለን።